አራት ሆነን ዝም ያልንበት ቅዳሜ

ወሎ፣ መካነ ሰላም ከተማ ላይ ሞባይል የሚጠገንበትና ዘፈን የሚጫንበት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ኢንተርኔቱ ዛሬ መጣ ነገ ጠፋ ስለሆነ የሃይስኩል ሴቶች ሚሞሪያቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። የሚፈልጉት ኬ-ፖፕ ነው፤ እነሱ በአጭሩ "ኮሪያ" ይሉታል። አንዳንዴ፣ "ብቻዋን የምትዘፍን ጎበዝ ልጅ አለች፣ ልጫንልሽ?" ስላቸው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። "ኧረ ተይኝ! የቡድኖቹን ስጪኝ" ነው መልሳቸው። ለምን ስላቸው "እንጃ" ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያወቅኩበት መንገድ ለጠላቴም አይድረሰው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ማህሌት እባላለሁ፤ አባቴ ቄስ ናቸው፣ ስሙንም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። አፌ ፈጣን፣ ኩራቴ ደግሞ ከቁመቴ የሚበልጥ ልጅ ነበርኩ። የቄስ ልጅ በመሆኔ ሰው ሁሉ የሚያምነኝ ይመስለኝ ነበር፤ ደግሞም ያምነኝ ነበር።

አምስት ጓደኛሞች ነበርን። ትርንጎ፣ ሐና፣ ፋጤ፣ እኔና ሰዓዳ። ሰዓዳ የከተማ ልጅ አልነበረችም። እናቷ በከላላ መንገድ፣ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ርቃ ካለች ቀበሌ ሆነው ነበር ያስተማሯት፤ እሷ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ፣ በየሳምንቱ ስንቅ እየመጣላት። ከደሴ የመጣ ዘመዷ በሚሞሪ ያመጣላትን አምስት ልጆች ያሉበት የኮሪያ ቡድን ያሳየችን እሷ ናት። የልጆቹን ስም መያዝ አቅቶን እኛው ስም አወጣንላቸው፤ መሪው፣ ሳቂታው፣ ቀይ ፀጉሩ፣ ትንሹ፣ ዝምተኛው። አምስት እኛ፣ አምስት እነሱ። መሪውን ሰዓዳ ወሰደች። ለእኔ የደረሰኝ ዝምተኛው ነው፤ "አንቺ ስለምትለፈልፊ እሱ ያሳርፍሽ" ብለው ፈረዱብኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ በድብቅ የምወደው ሌላ ሰው ነበር። በዚያው ሚሞሪ ውስጥ ባዶ መድረክ ላይ፣ አንድ ወንበር ብቻ አጠገቧ አድርጋ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሰዓዳ ስሰማት ያዘችኝ።

"ምነው ብቻዋን? ሰው የላትም እንዴ?" አለች።

"ብቻዋን ነው የምትዘፍነው በቃ።"

"ወይኔ፣ አሳዘነችኝ! እሷ ብትሳሳት ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። የኛዎቹ ግን አንዱ ድምፁ ቢቀር ሌላው ይቀበለዋል፤ ማን እንደተሳሳተ እንኳ አይታወቅም።" ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። "ደግሞ ዘፈናቸውን እኮ አይደለም የምወደው። አብረው ሲበሉ የሚያሳየውን ቪዲዮ ነው። አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንዱ ከአንዱ ሳህን ይነጥቃል። እኔ ማታ ማታ ያንን ከፍቼ ነው እራቴን የምበላው።"

ኪራይ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ደረቅ እንጀራ እየቆረሰች እንደምትበላ የገባኝ ያን ቀን ነው። አንጀቴን በላችው።

አባቴ አንድ ጊዜ፣ ከአምስቱ ልዑካን አንዱ ቀርቶ ቅዳሴ ሊቀር ምን ያህል እንደተጨነቁ ቤታችን ሲያወሩ ሰዓዳ ሰማች። ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ካልተሟሉ አይቀደስም፤ አንዱ ከጎደለ ታጎለ ይባላል። ሰዓዳ ጆሮዬ ስር ገብታ፣ "እንግዲያው እናንተም ጋ ቡድን ነዋ!" አለችኝ።

"አፍሽን! ቅዳሴ ከዘፈን ጋር ይወዳደራል?" ብዬ ቆነጠጥኳት። ስንስቅ አባቴ ገሠጹን።

ከዚያ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። ከአምስታችን አንዳችንም አላለፍንም። ሰዓዳ ለሪሚዲያል እንኳ ነጥቧ አልደረሰላትም። እኛ አራታችን ቤተሰቦቻችን ጓዳ ገብተን አለቀስን፤ እሷ የት ገብታ እንዳለቀሰች አልጠየቅናትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አርብ ከሰዓት፣ ትምህርት ቤቱ ጀርባ ዳንስ ወደምንለማመድበት ሜዳ ጠራችን። ዳንስ የምንደንስ መስሎን ስልክ ይዘን ሄድን።

"ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እወጣለሁ" አለች።

"ደሴ?" አለች ሐና።

"ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ከዚያ በባሕር ወደ ዓረብ አገር። ደላላው ኮምቦልቻ ይቀበለኛል።"

ፋጤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እናትሽስ ያውቃሉ?"

"ብታውቅ ትለቀኛለች? ጅቡቲ ስገባ እደውልላታለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰኝም። እስከዚያ ግን ለአንድም ሰው ትንፍሽ እንዳትሉ።"

እኔ ቀድሜ ተቆጣሁ። "አብደሻል እንዴ? ስንቱ እንደቀረ አልሰማሽም?"

"አንቺ ምን አለብሽ? አባትሽ ቤት ትበያለሽ" አለችኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሐቁን ነው የነገረችኝ።

"ወላሂ በሉ" አለች። ሁላችንም አልን፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ጭምር፣ ወሎ ውስጥ ወላሂ የማይል ሰው የለም። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። "ይሄ አይበቃኝም። ትርንጎ ለማስቲካም ወላሂ ትላለች። ማሂ፣ አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ፤ አንቺ ገዝቺን።"

ግዝትን የእኛ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ካህን "ይህን ብታደርጉ" ብሎ በቃሉ ካሰረ፣ ቃሉን ያፈረሰ ነፍሱን ነው የሚያጣው። ድንበር የሚገፋፉ ገበሬዎች ዳኛ ያልፈሩትን ግዝት ሲፈሩ አይቻለሁ። ሙስሊሙም ይፈራዋል። አባቴ ሲገዝቱ ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ስለነበር ቃሉን ከነዜማው አውቀዋለሁ። ኩራት ተሰማኝ፣ አልዋሽም። አንገቴ ላይ ያለውን መስቀል አወጣሁና ድምፄን አጎርንኜ፣ "ይህን ነገር ለሰው የተነፈሰች ግዝት ይሁንባት! ውግዝት ትሁን!" አልኩ። ከድምፄ ማጎርነን የተነሳ ሳቁ። ሦስታችን "አሜን"፣ ሁለቱ "አሚን" አልን።

ከዚያ ዳንሳችንን ደነስን። ሰዓዳ መሃል ነበረች።

ቅዳሜ ገበያ ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን አራታችን ገበያው ዳር ቆመን ነበር፤ ማናችንም ቤት መቀመጥ አልቻልንም። የሰዓዳ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። እናቷ እማማ ዘይነብ ሰው እየገፉ ወደ እኛ ሲመጡ አየኋቸው።

"ልጆቼ፣ ሰዓዳ የታለች? ቤቷ ተቆልፏል" አሉን።

ትርንጎ ቀደመች። "ደሴ ሄደች እማማ። ለሰርተፍኬት ጉዳይ። ሰኞ ትመጣለች።"

"ሳትነግረኝ?" ፊታቸው ጨለመ። ሐናን አዩዋት። ሐና ፋጤን አየች። ፋጤ እኔን አየች። ዳንስ ላይ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ሲጠፋን እንደዚያ ነበር የምንተያየው። እኔ በልቤ፣ "ከሦስቱ አንዷ ትናገራለች፣ ፋጤ አትችልም፣ አሁን ታለቅሳለች፣ ትናገራለች" እያልኩ ነበር። ኋላ ስንነጋገር እንዳወቅኩት ሦስቱም ስለ እኔ እንደዚያው እያሉ ነበር።

እማማ ዘይነብ እጄን ያዙ። "ማህሌትዬ፣ አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ፣ አትዋሺኝም። እውነት ደሴ ነች?"

ግዝቱ ትዝ አለኝ። በገዛ አፌ የተናገርኩት ቃል ነው። ብናገር ነፍሴን እንደማጣ፣ ሰዓዳም መንገድ ላይ ቃሉ እንደሚደርስባት ነበር የማምነው።

"አዎ እማማ፣ ደሴ ነች" አልኩ።

እጄን ለቀቁት። "አልሐምዱሊላህ፣ ሆዴ ባብቶብኝ ነበር" አሉ። ለሰዓዳ ያመጡትን እርጎ ከነቅሉ ሰጡን። "እስክትመጣ ይበላሻል፣ እናንተው ጠጡት፤ ለእኔ እናንተም እሷ ናችሁ።"

ጠጣነው። አራታችን ተቀባብለን ጠጣነው። ይህን ስጽፍ እንኳ አፌን ይመረኛል።

እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። የቅዳሴው ሰዓት አልፏል፣ አልተጀመረም። አንድ ዲያቆን ቀርቷል። አባቴ ገና ልብሰ ተክህኖ አልለበሱም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ያያሉ። አንድ ሽማግሌ፣ "አባ፣ በአራታችሁ ብትጀምሩትስ? ሕዝቡ ብርድ ላይ ነው" አሏቸው።

"አራት ሆነን ምን ብለን እንገባለን? የጎደለው ሳይታወቅ አይገባም" አሉ አባቴ።

እንግዲህ እሳቸው ስለ ዲያቆኑ ነው ያወሩት። እኔ ግን እዚያው አፈር ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። አባቴ መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"ምን ሆነሻል?"

"አልናገርም። ተገዝቻለሁ።"

"ማን ገዘተሽ?" ደነገጡ። "የትኛው ካህን?"

"እኔው ነኝ። እኔ ነኝ የገዘትኩት።"

ከዚያ ጎንበስ አሉ። "ስሚኝ። ክህነት የሌለው ሰው ግዝት አያስርም። አፍሽን ከፍተሽ ለፈለፍሽ እንጂ ማንንም አላሰርሽም። ተናገሪ።"

ማንንም አላሰርሽም። አንድ ቀን ሙሉ በሌለ ገመድ ታስሬ ነበር የዋልኩት። ሁሉንም ዘከዘክሁት። ስጨርስ ዲያቆኑ እየሮጠ በበሩ ገባ፣ "ይፍቱኝ አባ፣ እናቴ ታማብኝ ነው" እያለ። ሽማግሌው "ተመስገን፣ ሞላ!" አሉ።

አባቴ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ። "አሁን እኔ ጎደልኩ" አሉ። "ሰው ፈልጉ፤ ካላገኛችሁ ይታጎል።"

ያ እሁድ ታጎለ። በዚህ ምክንያት አባቴን እስከ ዛሬ የሚያማቸው ሰው አለ። ለአንዲት እስላም ልጅ ብለው ቅዳሴ ያስታጎሉ ቄስ ይሏቸዋል። እሳቸው መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ወደ ሰዓዳ አከራይ ቤት ሮጥን፤ አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ። የሰዓዳ አጎት ሰይድ ኮምቦልቻ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ እንደሚጠግን አውቃለሁ፤ ቁጥሩ ያለው አከራይዋ ጋ ነው። ሴትየዋ ስልካቸውን ከሳጥን ውስጥ እስኪያወጡ፣ ቁጥሩን እስኪፈልጉ፣ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ተደወለ፤ ኔትወርክ የለም። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን። አባቴ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዘው "አንተ መድኃኔዓለም" ይላሉ። አንዴ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግመን ደወልን። በመጨረሻ ሁለት ሰዓት ላይ ሰይድ አነሳው።

አባቴ በሁለት ቃል ነገሩት። ሰይድ አንድም ነገር አልጠየቀም፤ "እዚያው ቆዩኝ" ብሎ ዘጋው።

ጉብታው ላይ ቆየን። ብርዱ አጥንት ይገባል። አባቴን፣ "ይደርስባታል አይደል?" እላቸዋለሁ። "ይደርሳል" ይላሉ። እንደገና እጠይቃለሁ። እንደገና "ይደርሳል" ይላሉ። ለእግዚአብሔር ያልተሳልኩት ነገር የለም፤ ኮሪያ የሚባል ዳግም እንዳላይ፣ ምላሴን ይዞ እንዲቀጣኝ፣ ብቻ እሷን እንዲመልሳት።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረጉት። ሰይድ እያለከለከ ነበር።

"አባ፣ ቤቱን አግኝቼዋለሁ። ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ እኔ ከምሠራበት ድንጋይ ብትወረውሩ ይደርሳል። የቤቱን ባለቤት ሴትዮ ይዤ አናገርኳት። የሚወስዳቸው መኪና ተበላሽቶ ትናንት ከደረሱ ጀምሮ እዚያው ነበሩ። አንዲት ከመካነ ሰላም የመጣች ልጅ አለች አለችኝ፤ ከደረሰች ጀምሮ ሲሙን ባወጣችው ስልኳ ቪዲዮ ታይ ነበር አለችኝ።"

"አሁንስ?" አሉ አባቴ።

"ዛሬ አንድ ሰዓት ላይ ወጡ። ስትደውሉልኝ ከወጡ አንድ ሰዓት ሆኗቸው ነበር አባ። ምነው ትናንት በነገራችሁኝ! ምነው ትናንት!"

አባቴ ወደ እኔ ዞረው አላዩም። ያን ውለታቸውን አልረሳውም። ሰይድ በሞተር በጅቡቲ መንገድ እስከ ሚሌ ሄዶ ፈልጎ ባዶ እጁን ተመለሰ። የሰዓዳን መሄድ ለእማማ ዘይነብ የነገሯቸው አባቴና የመስጊዱ ሼህ አብረው ሄደው ነው።

ሰዓዳ ከጅቡቲ ደወለች፣ እንዳለችው። ለእናቷ አንድ ደቂቃ አልሞላም፤ "ደርሻለሁ፣ አታልቅሺ" ብላ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ድምጿን የሰማ የለም። ከወራት በኋላ ከባሕሩ የተረፈች የአቀስታ ልጅ ተመልሳ መጣች። ጀልባዋ ተገልብጣለች፤ ወደ ዳር ከወጡት ውስጥ ሰዓዳ አልነበረችም። "እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር፣ ብዙ ነበርን፣ ማን እንደለቀቀ አላውቅም" ነው ያለችው።

እማማ ዘይነብ አልተቀበሉም። "ሬሳዋን ያየ አለ? የለም። እንግዲያው ልጄ አለች" አሉ።

ሳቂታውን፣ ቀይ ፀጉሩንና ትንሹን የወሰዱት ሦስቱ ጓደኞቼ የት እንደደረሱ ልንገራችሁ። ሐና አግብታለች። ፋጤ ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች። ትርንጎ ወደ አጅባር ሄደች፤ ገበያ ላይ ቀድማ የዋሸችው እሷ ናት ተብሎ ሰው ስላገለላት መቀመጥ አልቻለችም። እኔን ግን ማንም አልነካኝም። እኔ "የተናገረችው" ነኝ።

እማማ ዘይነብ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ሲሆን የምሠራበት ሱቅ ይመጡ ነበር። ትንሿን ስልካቸውን ከመቀነታቸው ይፈቱና፣ "እስቲ እያት፣ የተደወለ አለ?" ይሉኛል። አየዋለሁ። የለም። ቻርጅ አደርግላቸዋለሁ፣ በነጻ። "ትርንጎ እኔንም አንቺንም አሞኘችን" ይሉኝ ነበር። "አንቺማ እሁድ እንደሰማሽ ለአባትሽ ሮጥሽ። ቅዳሜ ብታውቂ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር፤ የቄስ ልጅ አትዋሽም።"

እኔም ዝም እል ነበር። በየሳምንቱ፣ ዓመታት።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ፣ ልጆቹ ለምን ቡድን እንደሚወዱ ልንገራችሁ። ሰዓዳ ያለችው እውነት ነው፤ አብረው ስለሚበሉ ነው። ብቻውን ኪራይ ቤት ለሚበላ ልጅ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አምስት ከሆኑ አምስት ልጅ ሳይጣላ ይካፈላቸዋል፤ አንዱ ቢያዝን ሌላው ይስቅልሻል። ይሄን ሁሉ አልነቅፍም። ሌላም ያለችው ነገር አለ፤ አንዱ ሲሳሳት ማን እንደተሳሳተ አይታወቅም ብላ ነበር። ያን ቅዳሜ አራት ባንሆን ኖሮ፣ ከእማማ ዘይነብ ፊት አንዳችን ብቻዋን ብትቆም ኖሮ፣ ግዝትም ቢኖር የምትናገር ይመስለኛል። አራት ስለሆንን እያንዳንዳችን ሦስት መሸሸጊያ ነበረን። ቡድን ውደዱ፤ ብቻ ውስጡ አትደበቁ።

ባለፈው ወር ለሦስቱም ደወልኩ። ለእማማ ዘይነብ ልነግራቸው ነው አልኳቸው። ትርንጎ ስልኩ ላይ አለቀሰች። "እመጣለሁ፣ አብረን እንንገራቸው፣ አራት ሆነን" አለች። "አይሆንም፣ አራት ሆነንማ አይተነዋል" አልኳት።

ቅዳሜ እማማ ዘይነብ መጡ። ስልኩን ፈትተው ሰጡኝ። የተደወለ አልነበረም። በሩን ዘጋሁና ከፊታቸው ቆሜ ነገርኳቸው። ግዝቱን የገዘትኩት እኔ መሆኔን፣ እጄን ይዘው ሲጠይቁኝ አውቅ እንደነበር፣ ሁሉንም።

ከዚያ፣ "እርጎውን ስትጠጡትም ታውቂ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"እኔ ስጠይቅሽ ኮምቦልቻ አልደረሰችም ነበር?"

"ገና መንገድ ላይ ነበረች። እስከ እሁድ ጠዋት ሰይድ አጠገብ ነበረች።"

ስልካቸውን ከእጄ ወሰዱ። አልሰደቡኝም፣ አልረገሙኝም። መቀነታቸው ላይ ቋጠሩትና በሩን ራሳቸው ከፍተው ወጡ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን በሱቁ ፊት ሲያልፉ አየኋቸው፤ ስልኩን በእጃቸው ይዘው ነበር። ቆመው ግራ ቀኝ አዩና መንገዱን ተሻገሩ። ማዶ ያለው ሱቅ ገብተው ስልኩን ለማያውቁት ሰው ሰጡት።